በቆብ ግርጌ ሙሽራ ዶማ አትይዝም

ቆብ ግርጌ የሚባለው መንደር ዛሬም አለ። በስተደቡቡ እንደ መነኩሴ ቆብ ሾጠጥ ያለ ረጅም ጥቁር ገደል ቆሞበታል፤ ስሙም ከዚያው የመጣ ነው። ወደ መንደሩ የሚወርድ እንግዳ አስቀድሞ ዓይኑ ውስጥ የሚገባው የአትክልቱ ብዛት ነው። ቀጥሎ የሚያየውና የሚገርመው ግን በአንዳንዱ ግቢ ውስጥ በበርጩማ ላይ እጇን አጣጥፋ የተቀመጠች ሙሽራ ናት። በሌላ አገር ሙሽራ ከጫጉላ እንደወጣች እንስራና ዶማ ይጠብቋታል። በቆብ ግርጌ ግን ሙሽራ ውኃ ትቀዳለች፣ ትፈጫለች፣ ወጥ ትሠራለች እንጂ አንድ ዓመት እስኪሞላት ድረስ በግቢው አፈር ላይ ዶማ አታነሣም። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ከቤት ወጥታ ትቀመጣለች፤ የገደሉ ጥላ የሚያበቃበትን ቦታ ታያለች፤ በዚያም ላይ ነጭ ድንጋይ ታስቀምጣለች። አማቷ እንኳ ብትሆን በዚያ ሰዓት ተነሺ ልትላት አትችልም።

እንግዳው «ይህች ልጅ ምን አጥፍታ ነው የተቀጣችው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ሽማግሌዎቹ ይስቁና ቀስ ብለው ይነግሩታል። እንደሚነገረው ከሆነ፣ ነገሩን የጀመረችው አትክልተኛ አልነበረችም፤ ምንም ነገር ለመሥራት አቅም ያጣች ሴት ነበረች።

የቆብ ግርጌ ሰዎች በጥንት ጊዜ የመጡት ከሜዳ አገር ነው ይባላል። መሬቱ ጠቧቸው፣ ከብታቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው፣ ወንዙን ተሻግረው ከገደሉ ሥር ሰፈሩ። በሜዳው አገር ጥላ ማለት የዛፍ ጥላ ነው፤ ከዚያ ሌላ ፀሐይ ለሁሉም ግቢ እኩል ትወጣለች፣ እኩል ትጠልቃለች። ስለዚህ ሐምሌ ገብቶ መሬቱ ሲርስ ከደጃፍ እስከ አጥር በተርታ ይተክሉ ነበር፤ የተተከለውም ሁሉ ይጸድቅ ነበር። ገደሉ ሥር ከሰፈሩ በኋላም ይህንኑ አደረጉ። ስህተታቸው እዚህ ላይ ነው። ሐምሌ ደመና ነው፤ በደመና ቀን ግቢው ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ የትኛውን ፀሐይ እንደሚመታው፣ የትኛውን ጥላ እንደሚውጠው አይታወቅም። ፀሐይ በደመናው መካከል ብልጭ ብትል እንኳ በክረምት ወደ ሰሜን ስለምታዘነብል ገደሉ አይጋርዳትም። መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ሲጠራ ግን ፀሐይ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ወደ ደቡብ ትወርዳለች፤ ያን ጊዜ ገደሉ ጥላውን በመንደሩ ላይ ይዘረጋል፤ ከግቢው አንዱ ወገን ቀኑን ሙሉ ይቀዘቅዛል፣ ሌላው ወገን እንደ ምጣድ ይግላል። በዚህ የተነሣ በሐምሌ ያማረው ተክል ጥር ላይ የለም። ሰዎቹ ግን ይህን አላስተዋሉትም፤ «መሬቱ አይወደንም» ብለው ደመደሙ። ጌሾውንም ጤና አዳሙንም ከድሮ አገራቸው ገበያ በአህያ እያመጡ መኖር ጀመሩ።

ከሜዳው ይዘውት የመጡት ሕግም ነበራቸው። ባሏ የሞተባትና ልጅ ያልቀራት ሴት፣ ባሏ ከሞተ በኋላ እስከ ሦስተኛው ግንቦት ልደታ ድረስ በግቢው ትቀመጣለች። በዚያ ቀን ሦስት ሽማግሌዎች መጥተው በገዛ እጇ የተከለችውን ቋሚ ተክል እየያዙ ይነቀንቁታል። በጋውን ችሎ ሥሩ ከያዘ፣ የያዘበት መሬት እስከ ዕለተ ሞቷ የእርሷ ነው፤ ያልያዘበት ግን ለባሏ ወገን ይመለሳል። ይህ ሕግ በሜዳው አገር የርኅራኄ ሕግ ነበር ይላሉ ሽማግሌዎቹ፤ በዚያ አገር ዱላ ቢተክሉት እንኳ ይጸድቃልና። በገደሉ ሥር ግን መበለቲቱን ከቤቷ ማስወጫ ሆነ። ሕጉን የለወጠው ሰው አልነበረም፤ አገሩ ተለውጦ ነው።

አዛለች የምትባለው ሴት በዚያ ዘመን የነበረች ናት። ባሏ ቢያድግልኝ ይባላል። ቤታቸው ከሌሎቹ ቤቶች ይልቅ ወደ ገደሉ የቀረበ፣ ግቢው ደግሞ ወደ ሰሜን ሰፋ ብሎ የተዘረጋ ነበር። መንደሩ በተቆረቆረ በሰባተኛው ዓመት፣ በጥቅምት፣ ፈንጣጣ ገባና በአንድ ሳምንት ውስጥ ቢያድግልኝን ሰኞ፣ ስድስት ዓመት የሆናትን ልጃቸውን ዓርብ ወሰዳቸው።

አዛለች አላለቀሰችም። በሁለተኛው ቀብር ላይ፣ ሰው ምን ይላል ብላ የፈራች አንዲት ዘመዷ ክንዷን በኃይል ቆነጠጠቻት ይባላል። አዛለች ዘወር ብላ አየቻትና «ምን ፈለግሽ?» ብላ ጠየቀቻት። ከዚያ በኋላ ማንም አልቆነጠጣትም።

ለቀስተኛው ሲበተን ቤቱ ቀዘቀዘ። አዛለች በውስጧ የሚሰማት ነገር አልነበረም፤ ኀዘንም፣ ፍርሃትም፣ ራብም። የሚሰማት ብርድ ብቻ ነበር። ስለዚህ ጥሬ ቆርጥማ ስትጨርስ በርጩማዋን ይዛ ትወጣና ፀሐይ ያለበት ቦታ ላይ ትቀመጣለች። ነገር ግን የኅዳር ፀሐይ በየቀኑ ትሸሻለች፤ ትናንት የሞቀው ቦታ ዛሬ ጥላ ውስጥ ይገባል። አዛለችን በማለዳ ወጥታ «ትናንት እኩለ ቀን ላይ የሞቀው የት ነበር?» ብላ ማሰቡ ያደክማት ጀመር። ያን ጊዜ ማሰብ እንደ እህል ወፍጮ ይከብዳት ነበርና። ላለማሰብ ብላ ከወንዝ ዳር ነጫጭ ድንጋዮች ሰበሰበች፤ ጥላው ባበቃበት ቦታ ላይ አንድ ታስቀምጣለች፤ በማግሥቱ ድንጋዩን ብቻ አይታ ከእርሱ አለፍ ብላ ትቀመጣለች። ጥላው ድንጋዩን ሲያልፈው ሌላ ድንጋይ ትጨምራለች። ነገሩ ይኸው ብቻ ነበር።

ጎረቤቷ እመት ስኂን ናቸው። እመት ስኂን ምላሳቸው ስለት ያለው፣ ሰው ቤት ሳይጠሩ የሚገቡ፣ ባዶ እጃቸውን ግን የማይገቡ ሴት ነበሩ ይባላል። አንድ ቀን በቅል እርጎ ይዘው ገቡና ድንጋዮቹን ተመለከቱ።

«እንግዲህ ሰው እህል ይተክላል፣ ዛፍ ይተክላል። አንቺ ደግሞ ድንጋይ ትተክያለሽ?»

«ድንጋይ አይደርቅም፣ እመት» አለች አዛለች።

«አያፈራምም።»

«አያፈራም።»

«ጠጪ እንግዲህ ይኼን። ድንጋዩን ውኃ እንዳታጠጪው ብቻ፤ ያን ዕለት ለጸበል ነው የምወስድሽ።»

አዛለች እርጎውን ጠጣች። ቅዝቃዜው ጉሮሮዋ ላይ ተሰማት፤ ጣዕሙ ግን አልተሰማትም። እስከ ታኅሣሥ ድረስ ጥላው እየገፋ መጥቶ ከግቢው እምብርት ደረሰ፤ ከጥር በኋላ ወደ ገደሉ መመለስ ጀመረ፤ እርሷም እየተከተለች ድንጋይ ታስቀምጥ ነበር። በጋው ሲያልቅ ግቢው ውስጥ ሦስት አራት ረድፍ ነጭ ድንጋይ ተዘርግቶ ነበር። የመንደሩ ልጆች ከአጥር ውጪ ሆነው «አዛለች ከገደሉ ጋር ገበጣ ትጫወታለች» እያሉ ይዘፍኑባት ነበር አሉ።

የመጀመሪያው ግንቦት ልደታ አለፈ። በሐምሌ የባሏ ታላቅ ወንድም እጅጉ ከሚስቱ ጋር መጣ። እጅጉ ክፉ ሰው እንዳልነበረ ሁሉም ይስማማል። ሦስት የደረሱ ወንዶች ልጆች ነበሩት፤ የሚያሳርፍበት መሬት ግን አልነበረውም። የወንድሙ ግቢ ወደ እርሱ እንዲመለስ ይፈልግ ነበር፤ ሴቲቱን ግን ሳትሞክር አስወጣት እንዲባል አይፈልግም።

«ይኸው ከገበያ ያመጣሁልሽ፤ ኮባ አለ፣ ጤና አዳም አለ፣ ጌሾ አለ» አላት። «ሕጉን ታውቂዋለሽ። ነገ እንዳትወቅሺኝ።»

«እሺ ጋሼ» አለች አዛለች።

እርሱና ሚስቱ በደንቡ መሠረት ከደጃፍ እስከ አጥር መስመር አወጡላት። በእጇ እንድትተክል ሕጉ ስለሚያዝ ችግኙን አንድ በአንድ ያቀብሏት ነበር፤ እርሷም የሰጧትን ባሳዩዋት ጉድጓድ ውስጥ ታስገባለች። ኮባ፣ ጤና አዳም፣ ጌሾ፣ እንደገና ኮባ፣ ጤና አዳም፣ ጌሾ። ድንጋዮቹን ማንም አላነሣቸውም፤ ማንም አላያቸውምም፤ እርሷን ጨምሮ።

በመስከረም ግቢው ለመለመ። በኅዳር ጥላው ወረደ። አዛለች እንደ አምናው በርጩማዋን ይዛ ድንጋዮቹን እየተከተለች ተቀመጠች፤ ከፊቷም ተክሎቹ ሲሞቱ አየች። ቀኑን ሙሉ ሌላ የምታየው ነገር ስላልነበራት እያንዳንዱ እንዴት እንደሞተ አየች። ማንም በመንደሩ ከዚያ በፊት አንድ ተክል ሲሞት ቁጭ ብሎ አላየም ነበር ይባላል፤ ሁሉም ሥራ አለበትና፣ ዞር ብሎ ሲመለስ ሞቶ ነው የሚያገኘው።

ወደ ጥር ገደማ እመት ስኂን ሲመጡ ደርቆ የወደቀ ኮባ በእግራቸው ነካ አደረጉና «ይኸው ይኼም ሄደ። ምድሪቱ ተረግማለች» አሉ።

አዛለች ወደ ድንጋዮቹ ተመለከተች። ከዚያ «ሁለት ዓይነት ነው የሞቱት» አለች።

«ሞት ደግሞ ስንት ዓይነት አለው?»

«ከድንጋዩ ወዲያ ማዶ ያለው ኮባ ቅጠሉ ከጫፉ እየነደደ ነው የሞተው። ጤና አዳሙ ግን እዚያው አጠገቡ ቆሟል። ከድንጋዩ ወዲህ ደግሞ ጤና አዳሙ ቢጫ ሆነ፣ ግንዱ ሻገተ፤ ኮባው ግን ቆይቶ ነው በብርዱ የተኮራመተው። በድንጋዮቹ መካከል ያለችው አንዲት ጌሾ አልሞተችም።»

እመት ስኂን ወደ ጌሾዋ ሄዱ፤ ነቀነቋት፤ ያዘች። ወደ ጤና አዳሙም ሄዱ። ሁለት ብቻ ነበሩ፤ የቀሩትን ቀድሞ ፍየል በልቷቸዋል። ተመልሰው መጥተው መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ያን ቀን ሌላ ቀልድ አልተናገሩም ይባላል። ሲወጡ ብቻ «ይኼን እስከ ፍርዱ ቀን ለማንም አትንገሪ» አሏት።

«ለማን እነግራለሁ?» አለች አዛለች።

በቀጣዩ ክረምት አዛለች ብቻዋን ተከለች። ደስ ብሏት አልነበረም፤ ተስፋ አድርጋም አልነበረም። የሚሞትበትን ቦታ እያወቀች ተክሉን እዚያ ማስገባት ከንቱ ድካም ስለመሰላት ብቻ ነው። ፀሐይ ከማይለየው፣ ከመጨረሻው ረድፍ ማዶ ጤና አዳምና አሪቲ ተከለች፤ ውኃ የሚቋጥር እንዳይሆን ጠጠር ቀላቀለችበት። ጥላው በሚመላለስበት፣ በድንጋዮቹ መካከል ባለው ወገን ኮባና ጌሾ አደረገች። ቀረ ከገደሉ ሥር እስከ መጀመሪያው ረድፍ ያለው፣ በጋውን ሙሉ ፀሐይ የማያይ፣ ቤቷም የቆመበት ወገን። እዚያ ምን ይኖራል?

መልሱን ያገኘችው ውኃ ስትቀዳ ነው ይባላል። ምንጩ ከገደሉ ስንጥቅ ውስጥ፣ ቀትር ላይ እንኳ ከሚጨልም ቦታ ይወጣል። በነሐሴ በዚያ ጨለማ ውስጥ እንሶስላ በቅሎ ነጭ አበባ አውጥቶ ቆሞ አየች። እንሶስላ ሴቶች ሥሩን ወቅጠው እጃቸውንና እግራቸውን የሚያቀሉበት ተክል ስለሆነ ሁሉም ያውቀዋል፤ ከበረሃ እስከ ደጋ ግን ግቢው ውስጥ የሚተክለው ሰው አልነበረም፤ ሲፈለግ ከጫካ ይመጣል። አዛለች «እዚህ የኖረ፣ እኔም ቤት ይኖራል» አለች። ድንች የመሰለ ሥሩን ከነአፈሩ እያነሣች በእንስራ ፈንታ በቅርጫት ታመላልስ ጀመር። ልጇን በቀበረች ጊዜ አፈሩን በእጇ አልነካችም ነበር፤ ሌሎች ነበሩ የመለሱት። አሁን ግን አንድ በአንድ በእጇ ጉድጓድ እየከፈተች፣ በእጇ እየሸፈነች፣ ቤቷን በሙሉ ዙሪያውን ተከለችው።

እንሶስላው በመስከረም አበበ። በኅዳር ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። በታኅሣሥ ግንዱ ለሰለሰና ተኛ፤ በጥር የነበረበት ቦታ እንኳ የማይታወቅ ባዶ መሬት ሆነ። አዛለች በበርጩማዋ ላይ ሆና ይህንንም አየች። ጤና አዳሙ በፀሐዩ ወገን አረንጓዴ ነበር፤ ጌሾውም ነበር። እርሷ ግን ጀርባዋን ለእነርሱ ሰጥታ ወደ ባዶው መሬት ነበር የምታየው። አልቆፈረችም። ሞቶ እንደሆነ ማየት አልፈለገችም፤ ሳያዩት እንደተቀመጠ ቢቀር ይሻላል ብላ ነው።

ሦስተኛው ግንቦት ልደታ ደረሰ። ጭቃ ሹም አበጋዝ፣ የመንደሩ አለቃና ዳኛ የነበሩት፣ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። እጅጉም ከታላቁ ልጁ ጋር ቆመ። ሌላው ሰው በአጥሩ ላይ ተደገፈ።

በፀሐዩ ወገን ጀመሩ። ጭቃ ሹሙ ጤና አዳሙን ነቀነቁ፤ ያዘ። አንደኛው ሽማግሌ አሪቲውን ሲነቀንቁ «እጄ እስከ ፍልሰታ ሲሸተኝ ሊከርም ነው» አሉ። ኮባውም ያዘ፣ ጌሾውም ያዘ። ከአጥሩ ላይ ማጉረምረም ተሰማ፤ በዚያ መንደር በግንቦት አረንጓዴ ነገር ከዚያ በፊት አልታየምና።

እጅጉ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔም ዓይን አለኝ፤ ይኼ ይዟል፤ የእርሷ ነው። ሕጉ ግን ያልያዘበት ለወገን ይመለሳል ነው የሚለው። እስቲ ወዲህ ኑ።»

ወደ ጥላው ወገን ወሰዳቸው። ቤቱ እዚያ ቆሟል፤ በዙሪያውም አንዲት ቅጠል አልነበረችም።

«ልጄ፣ እዚህ ምን ተከልሽ?» አሉ ጭቃ ሹሙ።

«እንሶስላ።»

«የታለ?»

«ሄደ» አለች አዛለች።

«ሰማችሁ!» አለ እጅጉ። «ራሷ ሄደ አለች።»

እመት ስኂን ከአጥሩ በላይ አንገታቸውን አወጡ። «ሄደ ማለት ሞተ ማለት ነው እንዴ? የእኔም ባል ሄዷል፤ ገበያ ነው ያለው!»

ሰው ሳቀ። ጭቃ ሹሙም ፈገግታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። «እንግዲያው ነገሩ ቀላል ነው» አሉ፤ «አንዱ ጋ ይቆፈርና ይታይ። ሥሩ ካለ አለ፣ ከሌለ የለም። ዶማ አምጡ።»

የእጅጉ ልጅ ዶማ ይዞ ገባ። ያን ጊዜ አዛለች ከቆመችበት ተንቀሳቀሰችና በመሬቱና በዶማው መካከል ገባች።

«አይቆፈርም» አለች።

ለሦስት ዓመት ያህል ድምፅዋ ከፍ ብሎ ሰምቶ የሚያውቅ አልነበረም። ጭቃ ሹሙ ደንግጠው «ካልታየ በምን ልፍረድ?» አሏት።

«ቤቱን ውሰዱት። አትቆፍሩብኝ።»

«አዛለች፣ ቤትሽ እኮ ነው» አሉ እመት ስኂን፤ ቀልዱ ከፊታቸው ጠፍቶ።

«በእጄ ያስገባሁትን ማንም አውጥቶ አያሳየኝም» አለች። ከዚያም ወደ እጇ ዝቅ ብላ አየችው፤ የማን እጅ እንደሆነ ያላወቀች ትመስል ነበር ይባላል።

የቀብሩን ቀን የማያስታውስ አልነበረም፤ የቆነጠጠቻት ዘመዷም እዚያው አጥሩ ላይ ነበረች። የእጅጉ ልጅ ዶማውን ቀስ አድርጎ አወረደ። ጭቃ ሹም አበጋዝ ሁለቱን ሽማግሌዎች ገለል አድርገው ጥቂት ተነጋገሩና ተመለሱ።

«ሴቲቱ መሬት ውስጥ ምስክር አለኝ አላለችም፤ የለኝምም አላለችም» አሉ። «ምስክር ደግሞ በዶማ እየተጎተተ አይመጣም። ዝናብ ይጥራው። ለሰኔ ሚካኤል ተቀጥረናል። እስከዚያ ድረስ በዚህ መሬት ላይ ብረት አይግባ። እጅጉ፣ ትቀበላለህ?»

እጅጉ ባዶውን መሬት አየ። «አርባ ቀን ምን አላት» አለ፤ «እቀበላለሁ።»

በግንቦት መጨረሻ የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ። ምንም አልበቀለም። እጅጉ ለልጁ ቤት ማደሻ የሚሆን ማገር አምጥቶ ከአጥሩ ሥር ከመረ። አዛለች ማገሩን አየችው፤ ልብሷንም በአንድ አቁማዳ ሰበሰበች። የሚያናድዳት ነገር አልነበረም። ከወንዙ ማዶ እህት እንደነበረቻት አስታወሰች፤ እዚያ መሄድ እንዳለባት አወቀች፤ ይኸው ነው።

ሰኔ ሚካኤል ሦስት ቀን ሲቀረው ማለዳ ደጃፏን ስትጠርግ መሬቱ ተሰንጥቆ፣ ከስንጥቁ ውስጥ ቀላ ያለ፣ የሕፃን ጣት የመሰለ ነገር ብቅ ብሎ አየች። መጥረጊያዋን አስቀመጠች። ጎንበስ ብላ አየችው እንጂ አልነካችውም። ገብታ ሰፌድ አመጣችና ደፋችበት።

እመት ስኂን ሲመጡ «ምንድን ነው የደፋሽበት?» አሉ።

«ዶሮ እንዳይጭረው።»

እመት ስኂን ሰፌዱን አንሥተው አዩ፤ መልሰው ደፉት። ከዚያም እዚያው ቁጭ ብለው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ።

«እርስዎ ምን ያስለቅስዎታል?» አለች አዛለች።

«አንድ ሰው ማልቀስ አለበት ብዬ ነው፣ ልጄ።»

አዛለች ከአጠገባቸው ተቀመጠች፤ እስኪጨርሱ ድረስም ጠበቀቻቸው።

በሰኔ ሚካኤል ሽማግሌዎቹ ሲመጡ የሚረግጡበት ቦታ አጡ ይባላል። በቤቱ ዙሪያ በሙሉ እንሶስላው መሬቱን ቀዶ ወጥቶ ነበር። ነቅንቁት ያለ የለም። እጅጉ በጣቱ ጫፍ እየተራመደ ገብቶ ብዙ ጊዜ ቆሞ አየ።

«በክርክር ብዙ ጊዜ ተረትቻለሁ» አለ በመጨረሻ፤ «ተኝቶ በከረመ ምስክር ስረታ ግን የመጀመሪያዬ ነው።» ልጁን ጠርቶ ማገሩን አሸከመውና ወጣ።

ከዚያ በኋላ አዛለች ደስ አላት፣ ሳቀች፣ ዘፈነች የሚል ሰው የለም። እንደ ወትሮዋ ነበረች። በርጩማዋን ይዛ መቀመጧንም አልተወችም። የመንደሩ ሴቶች ግን አንድ በአንድ ይመጡ ጀመር፤ መጀመሪያ እሳት ሊጭሩ የመጡ እያስመሰሉ፣ በኋላ ግን «የእኔ ደጅ ጥላው የት ይደርስ ይሆን?» እያሉ። እርሷም «እኔ አላውቅም፤ የእኔን ነው ያየሁት» ትላቸዋለች። እንዴት እንደሚያውቁት ሲጠይቋት ወደ በርጩማዋ ታያለች። ማንም ለመቀመጥ ጊዜ አልነበረውም፤ ሰምተው ይሄዳሉ፣ በሐምሌም እንደገና በተርታ ይተክላሉ።

በሁለተኛው ዓመት የእጅጉ ታላቅ ልጅ ትርንጎ የምትባል ልጅ አገባ። እጅጉ ከወንዙ ወዲህ፣ እዚያው ከገደሉ ሥር መሬት አግኝቶለት ነበር። ሙሽራይቱ ከጫጉላ በወጣች ማግሥት አማቷ እጅጉ ራሱ፣ አዲስ ዶማ አስይዞ፣ እጇን ይዞ ወደ አዛለች ግቢ ወሰዳት። የመንደሩ ሰው ይህን ሲያይ ሥራውን ትቶ ቆመ ይባላል።

«የወንድሜ ሚስት» አለ፤ «ይችን ልጅ አስተምሪልኝ። እኛ ያስተማርነው ሁሉ ደርቋል።»

አዛለች ልጅቱን አየቻት። ከዚያ ዶማውን ከእጇ ተቀብላ ከግድግዳው ጋር አስደገፈችው፤ ወደ ቤት ገብታ በርጩማዋን አውጥታ ሰጠቻት።

«ምን ልሥራበት?» አለች ትርንጎ።

«ግቢሽ ውስጥ ተቀመጪበት። ፀሐይ አናትሽ ላይ ስትደርስ ጥላው የት እንዳበቃ አይተሽ ድንጋይ አስቀምጪ።»

«እስከ መቼ?»

«ዓመት እስኪሞላሽ።»

ትርንጎ ወደ አማቷ ዞራ አየች፤ እርሱ ግን መሬት መሬቱን ያይ ነበር። «ሰው ምን ይለኛል? ሰነፍ እኮ ነው የምባለው።»

«ትባያለሽ» አለች አዛለች። «የምትተክይውን ከመግደል ግን መባሉ ይሻላል።»

ልጅቱ በርጩማውን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆመች። የአዛለችን ድንጋዮች በየረድፉ አየች፤ አዛለች ዓመቱን ሙሉ የተቀመጠችበትን ቀን ሁሉ አሰበች መሰለኝ፤ ድፍረት አግኝታ ጠየቀቻት።

«እርስዎ ሲቀመጡ፣ ያን ያህል ጊዜ ምን ያስቡ ነበር?»

እጅጉ ራሱን ቀና አደረገ።

«ምንም» አለች አዛለች። «ምንም አላስብም ነበር። አንቺ ግን አስቢ።»

ትርንጎ ዓመቱን ተቀመጠች። ተሳቀባት፤ ተዘፈነባት፤ በዓመቱ ግን የተከለችው ሁሉ ያዘ። ከእርሷ በኋላ የገባችው ሙሽራም ተቀመጠች፤ ከዚያ በኋላ ሳትቀመጥ ዶማ የያዘች ሙሽራ የለችም ይባላል። የመበለቶቹም ሕግ በጊዜ ብዛት ቀረ፤ በጥላ ወገን ግን እስከ ዛሬ ከኅዳር እስከ ሰኔ ሚካኤል ብረት አይገባም።

አሁን ሙሽሮቹ ይቀመጣሉ። አንዳንዷ ትፈትላለች፣ አንዳንዷ ከአጥር ማዶ ካለችው ጎረቤቷ ጋር ትቀልዳለች፣ አንዳንዷም ዝም ብላ የእናቷን አገር ታያለች። ዓመቱ ሲሞላ ዶማውን የምትሰጣት አማቷ አይደለችም፤ ከመንደሩ አንዲት መበለት ተጠርታ ትመጣለች፣ ዶማውን በእጇ ታስይዛታለች፣ ቃል ሳትናገርም ትወጣለች። ሙሽራይቱ የመጀመሪያውን ተክል ራሷ መርጣ፣ ራሷ በመረጠችው ቦታ ትተክላለች። በተቀመጠችበት ዓመት ምን ስታስብ እንደከረመች ግን በቆብ ግርጌ ማንም አይጠይቃትም።